መጀመሪያ አጥሩ፣ ከዚያ ምንጣሮው፦ ከጣና ዳር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መጋቢት፣ የመጨረሻው ሳምንት

ቦታው ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከጣና ውኃ ዳር በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በቅጽሩ ዙሪያ እሸ፣ ዶቅማ፣ ሎል፣ ጥቁር እንጨትና ሁለት ትልልቅ ዋርካዎች አሉ። ከሩቅ ሲያዩት ደኑ ሙሉ ነው። ገብተው ጎንበስ ሲሉ ግን ከጉልበት በላይ፣ ከሰው ቁመት በታች የሆነ የዛፍ ልጅ የለም። አሮጌዎቹ ቆመዋል፣ ተተኪ የላቸውም። መሬቱ ላይ ያለው ሁለት ሦስት ቅጠል ያወጣ ቡቃያ ብቻ ነው፤ በዓመቱ ተመልሰው ሲያዩም ያንኑ የሚያህል ሌላ ቡቃያ ነው የሚያገኙት።

በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ፕሮፌሰር ደመል ተክታይ የእነዚህን ደኖች አፈር መርምረው እንዳሳዩት፣ አብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታት የሚጠብቅ ዘር የላቸውም። ዘሩ ከእናት ዛፉ ይወድቃል፤ ቶሎ ይበቅላል ወይም ይሞታል። የወፍ ቆሎ (ላንታና) የሚባለው እሾሃማ መጤ ቁጥቋጦ ዘር ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የአገሬው ዛፍ ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው፣ መጤው ግን ጎተራ አለው። እናት ዛፎቹ ሳያረጁ ተተኪ እንዲያድግ መሥራት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ደኑ ከማሳና ከግጦሽ ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ የወፍ ቆሎ ቀበቶ ሠርቷል። ቀበቶው አንዳንዱ ጋ አምስት እርምጃ ነው፣ አንዳንዱ ጋ አሥራ አምስት ይደርሳል። ወደ ውስጥ የገባው ዛፍ በወደቀባቸውና ፀሐይ በሚያገኙ ክፍተቶች ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር አልገባም፣ ቢገባም አላፈራም። ትልቅ ዛፍ ሥር ለብቻው የበቀለ ሲገኝ ቀና ብሎ ማየት ነው፤ ከበላዩ ወፍ የምታርፍበት ቅርንጫፍ አይጠፋም።

ሚያዝያ፣ ሁለተኛው ሳምንት

በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ክርክር ነበር። አንዱ ወገን «መጀመሪያ አረሙ ይመንጠር፣ ገንዘብ ከተረፈ ይታጠራል» አለ። ሁለተኛው ወገን ተቃራኒውን ያዘ። ክርክሩን የፈታው የወፍ ቆሎውን ገልጦ ውስጡን ማየት ነው።

ወፍራም ጓንት አድርገን አንዱን ቁጥቋጦ ለሁለት ስንከፍለው፣ መሐሉ ላይ ጉልበት የሚደርስ ሎል ቆሟል። ቅጠሉ ሙሉ ነው፣ ጫፉ አልተነካም። ከቁጥቋጦው አንድ ሜትር ወጣ ብሎ ሌላ ሎል አለ። ግንዱ የአውራ ጣት ውፍረት አለው፣ ቁመቱ ግን ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ሰባት ቦታ ተነክሶ ሰባት ጊዜ አቆጥቁጧል። ዕድሜው ምናልባት ከመጀመሪያው ይበልጣል።

እንግዲህ የወፍ ቆሎው ሎሉን ከብርሃን ቢከለክለውም ከፍየል ጋርዶታል። ሳይታጠር ቢመነጠር ኖሮ ይህ ሎል በማግስቱ የፍየል ቀለብ ነበር። ታጥሮ ሳይመነጠር ቢቀር ደግሞ ማንም የማይረግጠው የወፍ ቆሎ ተመችቶት ይደፍነዋል። ሎሉ በቀይ ቀለም በተቀባ ፌሮ ተከቦ፣ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ በሚስማር ቁጥር 11 ተጽፎለት በቀጭን ሽቦ ግንዱ ላይ ታስሯል።

ከብትና ፍየል የወፍ ቆሎን የማይነኩት ቅጠሉ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስላለው ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ወይም ክፉኛ የራበው ከብት ከበላው፣ ቆዳው ፀሐይ መቋቋም ያቅተውና አፍንጫውና ጆሮው አካባቢ ይላጣል። የለመደው ከብት አልፎት ይሄዳል፤ የሚግጠው አጠገቡ ያለውን ሎል፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት ነው። ማለትም መንጋው ባለፈ ቁጥር የወፍ ቆሎውን ከተፎካካሪዎቹ እያረመለት ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ የሚሠራው አጋዘን ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ፣ ፒትስበርግ አካባቢ ባለ ጫካ ውስጥ ተመራማሪዎች ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን እንዳይገባባቸው የተወሰኑ ቦታዎችን አጥረው ለዓመታት ተከታትለዋል። እዚያ መጤው አረም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ ከአውሮፓ የገባ የሰናፍጭ ዘመድ ነው፤ አጋዘን አይበላውም። የሚበላው ትሪሊየም የሚባለውን ባለ ሦስት ቅጠል የአገሬውን አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤታቸው መሠረት በአጥሩ ውስጥ ትሪሊየሙ ሲያገግም አረሙ እየቀነሰ ሄዷል፤ ከአጥሩ ውጭ ግን መስፋፋቱን ቀጥሏል። በእኛ አገር አጋዘን እያልን የምንጠራው የሌላ ወገን እንስሳ ነው። ትክክለኛው የአጋዘን ዘር በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው። በጣና ዳር የእሱን ቦታ የያዘው ፍየል፣ በግና የቀንድ ከብት ነው። የነገሩ አሠራር ግን አንድ ነው።

ስለዚህ 10 በ10 ሜትር የሆኑ አራት ቦታዎች ተለኩ። አንደኛው የታጠረና የሚመነጠር፣ ሁለተኛው የታጠረና የማይመነጠር፣ ሦስተኛው ያልታጠረና የሚመነጠር፣ አራተኛው እንዳለ የሚተው። አራቱም በአንድ ጠርዝ ላይ፣ ተመሳሳይ አፈርና ተመሳሳይ ጥላ ያላቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ቡቃያ የሚቆጠርባቸው 1 በ1 ሜትር የሆኑ አምስት ካሬዎች በፌሮ ተተክለዋል። ፌሮው 20 ሳንቲሜትር ብቻ ከመሬት በላይ ወጥቶ ቀለም ይቀባል። ከዚያ በላይ ከወጣ ለሌላ ሥራ ይፈለግና ይነቀላል።

ሚያዝያ፣ አራተኛው ሳምንት

የዛፉን ልጅ ማን እንደሚበላው መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ ይለያያልና። ፍየል፣ በግ፣ ከብትና ሚዳቋ ሁሉም የላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። ቅርንጫፉን በታችኛው ጥርስና በላይኛው ድድ ይዘው ነው የሚገነጥሉት። ስለዚህ የተበላው ጫፍ የተቦጨቀ፣ ክር ክር ያለ ነው። ጥንቸልና አይጥ የበሉት በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ ንጹሕና ሰያፍ ነው። ከፍታውም ይናገራል፦ ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ከሰው ደረት በላይ ትደርሳለች፣ ሚዳቋ ግን ከወገብ በታች ነው የምትበላው።

እዚህ ደን ውስጥ የሚዳቋ በጠጥ በሁለት ቦታ ተገኝቷል። በእሷ ላይ አጥር አይሠራም። የወደቀ ፍሬ ትበላለች፣ ዘርም ይዛ ትሄዳለች፤ የደኑ ባለቤት ናት። ቁጥሯም ደኑን የሚጎዳ አይደለም። አሜሪካኖች ለአጋዘን 2.4 ሜትር የሚደርስ አጥር ይሠራሉ፤ ለእኛ ግን ፍየልና ከብት ማስቆም ይበቃል።

ግንቦት፣ ሁለተኛው ሳምንት

አጥር። ለአንዱ ቦታ ዙሪያው 40 ሜትር ነው። በየ2.5 ሜትሩ አንድ ቋሚ፣ ማለትም 16 ቋሚ፤ ለሁለቱ 32። ቋሚው 2.2 ሜትር የባሕር ዛፍ ሆኖ 60 ሳንቲሜትሩ ይቀበራል። ባሕር ዛፍን በዚህ አካባቢ ምስጥ በሁለተኛው ዓመት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቅርፊቱ ተልጦ፣ የታችኛው 70 ሳንቲሜትር በእሳት ላይ እየተገላበጠ ውጩ እስኪከስል ይጠበሳል። ከሰሉ ከመሬት በላይ 10 ሳንቲሜትር ወጣ ማለት አለበት፤ ምስጥ የሚጀምረው አፈርና አየር ከሚገናኙበት ላይ ነውና። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት ያለን ሰው ነበር። ውኃው ወደ ጣና ስለሚወርድ አልተቀባም።

እሾሃማ ሽቦ አምስት ረድፍ፦ ከመሬት 15፣ 30፣ 50፣ 75 እና 110 ሳንቲሜትር ላይ። ለሁለቱ ቦታ 400 ሜትር፣ ለማዕዘን መጠምጠሚያ ደግሞ 20 ሜትር ተጨማሪ። የማዕዘን ቋሚዎች በሁለት አቅጣጫ ሰያፍ ድጋፍ ካልተደረገላቸው ሽቦው ሲወጠር ወደ ውስጥ ያጋድላሉ። አንዱ አጋድሎብን እንደገና ተተክሏል።

ስህተቱ የታየው በሦስተኛው ቀን ነው። ትልልቆቹ ፍየሎች ቆመዋል፣ ግልገሎቹ ግን በ15 ሳንቲሜትሩ ሥር ተሽሎክሉከው ገቡ። እናቶቻቸው ውጭ ሆነው ይጮሃሉ፣ ግልገሎቹ ውስጥ ሆነው ይበላሉ። መፍትሔው የአጋም ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ እሾሁ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጎ፣ ከመሬት እስከ ሁለተኛው ረድፍ ድረስ መጎንጎን ነው። አጋም ከቁጥቋጦው ሲቆረጥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይወሰድም፤ እሱም የደኑ ነው።

ከአጥሩ ውስጥ በኩል ሰንሰል ተተክሏል፤ ቁርጥራጩ 50 ሳንቲሜትር፣ ርቀቱ 30 ሳንቲሜትር። ከብት አይበላውም፣ አገር በቀል ነው፣ በሁለት ክረምት ራሱ አጥር ይሆናል። ሽቦው ሲዝግ ቦታውን የሚይዘው እሱ ነው።

ግንቦት፣ የመጨረሻው ሳምንት

ጉድጓድ። 40 በ40 በ40 ሳንቲሜትር። የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይከመራል፤ ሲተከል የላይኛው መጀመሪያ ይገባል። ርቀቱ 2 ሜትር፣ ከአጥሩ 1 ሜትር ገባ ብሎ፣ ለአንድ ቦታ 25 ጉድጓድ። በሁለቱ የሚመነጠሩ ቦታዎች 50።

የሥራ ቀን ሲያዝ በዓላቱ መታሰብ አለባቸው። በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29፣ በቅዳሜና በእሑድ በዚህ አካባቢ አፈር አይቆፈርም። በወረቀት ላይ 30 ቀን የሚመስለው ወር በእጅ ሲሠራ 18 ቀን አካባቢ ነው። የዝናቡን መግቢያ ከዚህ ጋር ያላስታረቀ ዕቅድ ሐምሌ ላይ ያፍራል።

ችግኝ ማግኘት ከጉድጓዱ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በየችግኝ ጣቢያው በብዛት ያለው ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያና ዴከረንስ ነው። ለማገዶና ለገንዘብ ጥሩ ናቸው፤ እዚህ ደን ውስጥ ግን አይተከሉም። ከዋንዛ፣ ከጥቁር እንጨት፣ ከሎል፣ ከዶቅማና ከእሸ አሥር አሥር ችግኝ ከሦስት ቦታ ተለቅሞ ተሟልቷል።

ሰኔ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት

ምንጣሮ። ዝናቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ጥሎ አፈሩ ሲለሰልስ ነው የሚጀመረው። ቀደም ተብሎ ከተጀመረ አፈሩ ድንጋይ ሆኖ ሥሩ ይበጠሳል። ዘግይቶ ከተጀመረ የተቆረጠው ሁሉ እርጥብ መሬት ላይ ሥር ያወጣል።

የወፍ ቆሎን በገጀራ ከመሬት ጋር አስተካክሎ መቁረጥ ዋጋ የለውም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ጉቶ አሥር ቀንበጥ ያወጣል፤ ከበፊቱም ይጠቀጥቃል። ሙሉ ሥሩን በዶማ ማውጣት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። አፈሩን ይገለብጥና ተኝቶ የነበረውን ዘር ሁሉ ለብርሃን ያወጣዋል። በሕንድ ኮርቤት የዱር እንስሳት ፓርክ አካባቢ የተሠራበት ዘዴ በሁለቱ መካከል ነው፣ እዚህም የተከተልነው እሱን ነው፦

ግንዶቹ መጀመሪያ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ 40 ሳንቲሜትር ላይ ይቆረጣሉ። የቀረው ጉቶ እጀታ ነው። ከዚያ በጉቶው ዙሪያ ያለው አፈር በዶማ ጫፍ ይጫራል። ግንዱ ወደ ሥር የሚለወጥበት ቦታ ላይ ያበጠ፣ ጉብጉብ ያለ ነገር ይታያል። ቀንበጥ የሚወጣው ከዚያ ነው። ዋናው ሥር ከዚያ እብጠት በታች፣ ከአፈር ወለል 3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ በመጥረቢያ ወይም በዶማ ስለት አንድ ጊዜ ይመታል። እጀታውን ይዞ ወደ ላይ ሲሳብ ሙሉው ይነሳል። አፈሩ ይራገፋል፣ ጉድጓዱ በእግር ይረገጣል፣ በወደቀ ቅጠልም ይሸፈናል።

የወጣው ተገልብጦ፣ ሥሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። በደረቅ ቅርንጫፍ ባላ ላይ ይሰቀላል ወይም ድንጋይ ላይ ይከመራል። አፈር ነክቶ ካደረ ይይዛል። አንድ ክምር እርጥብ መሬት ላይ ተትቶ ነበር፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሲነሳ ከታች ያሉት ግንዶች ነጫጭ ሥር አውጥተዋል። ክምሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ድንጋያማው ቦታ ተዛውሯል።

ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ከሁሉ በፊት ነው የሚቆረጠው። ፍሬው አረንጓዴም ይሁን የበሰለ ጥቁር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እየገባ ከደኑ ውጭ ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል። ግንድ ሲጎተት ፍሬ መንገዱን ሁሉ ይዘራዋል። ረጅም እጅጌና ጓንት ግዴታ ነው፤ እሾሁ ትንንሽ ነው፣ ቅጠሉም ቆዳ ያሳክካል።

ምንጣሮው የሚጀመረው አረሙ ከሳሳበት ጎን ነው፤ ወደ ጠቀጠቀው የሚኬደው ቀስ በቀስ ነው። የጠቀጠቀውን በአንድ ቀን አጽድቶ ደስ መሰኘት ይቀላል፤ ግን በአንድ ጊዜ የተከፈተ ሰፊ ቦታ ለማንም ፀሐይ ይሰጣል፤ ቶሎ የሚደርሰውም ዘሩን አፈር ውስጥ ያስቀመጠው ራሱ የወፍ ቆሎው ነው። በሁለቱ ቦታዎች 5 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክፍል በአንድ ሳምንት፣ ሌላው በሚቀጥለው ተሠርቷል። ቁጥር 11ን የያዘው ቁጥቋጦ መጨረሻ ላይ ነው የተነሳው። ከሎሉ በስተ ምሥራቅ ያሉት ሁለት ግንዶች ደግሞ እስከ መስከረም ተትተዋል፤ ጥላ የለመደ ቅጠል ድንገት ሙሉ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል።

በዚሁ ሰሞን ዶቅማ በስሎ ነበርና ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ተለቀመ። ግማሹ በዕለቱ ታጥቦ ፕላስቲክ ውስጥ ተዘራ። ግማሹን ደግሞ አንድ ሰው በደግነት ጆንያ ላይ ዘርግቶ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታው። የታጠበው በወሩ በቀለ፣ የደረቀው አንድም አልወጣም። የዶቅማ ዘር እንደ ጤፍና እንደ በቆሎ አይደርቅም፤ ደረቀ ማለት ሞተ ማለት ነው። የፕላስቲኩ አፈር ሦስት እጅ የአካባቢው አፈር፣ ሁለት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው።

ሐምሌ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ተከላ። ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ከታች የተጠመጠመው ሥር 1 ሴንቲሜትር ያህል ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ጉድጓዱ ውስጥም መዞሩን ይቀጥላል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት።

ወደ ሐይቁ በሚያዘነብለው በኩል አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ጉድጓዶች ውኃ ቋጥረው ተገኙ። እዚያ በጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን በላዩ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ተተክሏል። ዶቅማ እርጥበት ስለሚችል ያ ረድፍ ለእሱ ተሰጥቷል፤ ጥቁር እንጨት ደረቅ ወደሆነው ቀይ አፈር ተዛውሯል።

ለጉዝጓዝ ከውኃ ዳር ተጎትቶ የተከመረውን እምቦጭ እንጠቀም የሚል ሐሳብ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን የወረረው አረም ደርቆ ለአፈር ቢውል ሁላችንም ደስ ይለን ነበር። ግን ዘሩ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ጎርፍም ከዚህ ቦታ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ስለሚወርድ አልተነካም። የደኑ የራሱ የወደቀ ቅጠል 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ተነጥፏል፣ በግንዱ ዙሪያ 10 ሳንቲሜትር ባዶ ተትቶ።

ነሐሴ፣ መጀመሪያ

ባልታጠረው የተመነጠረ ቦታ ዋንዛዎቹ ሄደዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ሎሎቹ። ዶቅማው ጫፍ ጫፉን ተነክሷል። በዚያው ቦታ ማንም ያልተከለው ብሳና ሳይነካ ቆሟል፤ ከብት አይወደውም። ግጦሽ ያለበት ደን በጊዜ ብዛት ወደ ብሳናና ወደ የወፍ ቆሎ የሚለወጠው እንዲህ በአንድ ክረምት ውስጥ እየታየ ነው።

ክረምት ሣር የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ለደኑ እረፍት ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ማሳው ሁሉ ተዘርቷል፣ ሐይቁም እየሞላ ዳር ያለውን ግጦሽ ይወስዳል። ከብቱ የሚቀረው የመንገድ ዳርና የቤተ ክርስቲያን ጠርዝ ነው። ያም የዛፍ ዘር የሚበቅልበት ወቅት ነው። ከኅዳር በኋላ አዝመራው ሲሰበሰብ መንጋው ወደ ገለባው ይበተናል፤ ደኑ የሚተነፍሰው ያኔ ነው።

ቄሰ ገበዙ እረኞቹን ሰብስበው ሲያነጋግሩ ከልጆቹ አንዱ የመለሰው ይህንኑ ነው፦ «አባ፣ ሜዳው ሁሉ ታርሷል፤ የት እናግድ?» ጥያቄው መልስ የሚገባው ስለሆነ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሣር ለእነሱ ቤተሰብ በየተራ እንዲታጨድ ተስማምተናል። ከብት አይገባም፣ ሣሩ ግን ይወጣል። ይህ ባይደረግ ሽቦው በአንድ ሌሊት ይቆረጥ ነበር፤ የሚቆርጠውም ክፉ ሰው ሳይሆን የከብቱ ጉዳይ ያስጨነቀው ነው።

ዘጌን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። እዚያ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋር በተያያዘ ትውፊት ማረስም ከብት ማርባትም አልተለመደም፤ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው የኖረው። ደኑ ሳይታጠር ለዘመናት የቆየው የሚግጠው መንጋ ስላልነበረ ነው። ከዘጌ ውጭ ያለ ገበሬ ግን ያለ በሬ አይኖርም፤ የእሱን ደን የዘጌን መንገድ ተከተል ማለት አይቻልም።

ነሐሴ፣ የመጨረሻው ሳምንት

ከሰኔው ምንጣሮ ጉቶ ያቆጠቆጡት ተቆጠሩ፣ ሁሉም ከአንድ ጥግ ናቸው። ያ ጥግ የተሠራው ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ አፈሩ ሳይጫር ነው። እብጠቱ መሬት ውስጥ ቀርቷል። እንደገና ተጭሮ ተቆርጧል።

በታጠረውና ባልተመነጠረው ቦታ የወፍ ቆሎው ክንድ ያህል ጨምሯል። እዚያ ውስጥ በካሬዎቹ የነበሩት የዛፍ ቡቃያዎች በሕይወት አሉ፣ ግን ቀጥነው፣ ገርጥተው፣ ወደ ብርሃን ተንጠራርተው።

መስከረም፣ አራተኛው ሳምንት

የሣር አጨዳው ጥፋት አመጣ። ሣሩ ከወገብ በላይ ስለነበር ማጭዱ ሦስት ችግኝ ከሣሩ ጋር ይዞ ሄደ። ጥፋቱ ያጨዱት ሰዎች አይደለም፣ ምልክት ያላደረግነው የእኛ ነው። አሁን በእያንዳንዱ ችግኝ አጠገብ ጫፉ ነጭ የተቀባ 1.5 ሜትር የሸምበቆ ምልክት ተተክሏል። በዙሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ሣሩ በእጅ ይነቀላል፣ ማጭድ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ከቁጥር 11 አጠገብ የተተዉት ሁለት የወፍ ቆሎ ግንዶች ተነስተዋል።

ጥቅምት፣ ሦስተኛው ሳምንት

የወፍ ቆሎ ቡቃያ እንደ ምንጣፍ ወጣ፤ በተለይ ወፍ በሚያርፍባቸው ቅርንጫፎች ሥር። ይህ የሚጠበቅ ነው። አፈሩ እርጥበት እያለው፣ ቡቃያው ከስንዝር ሳያልፍ፣ በሁለት ጣት ከሥሩ ይነቀላል። ቅጠሉን አሽቶ ማሽተት ለመለየት ይረዳል፤ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ቅጠሉም ሻካራ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ በግማሽ ቀን ይጨርሳል። በኅዳር ከዘገየ ግን ሥሩ ይተክልና ዶማ ይጠይቃል። ይህ ነቀላ ቢያንስ ሦስት ዓመት መደገም አለበት፤ ጎተራው በአንድ ክረምት ባዶ አይሆንም።

በታጠረውና በተመነጠረው ቦታ ካሬዎች ውስጥ ከወፍ ቆሎ ቡቃያው መሐል ያልተተከሉ የእሸና የሎል ቡቃያዎች አሉ። አራት ቅጠል የደረሱ ናቸው። በጥንቃቄ መንቀል ያስፈለገውም ለእነሱ ነው፤ አንዱ ተሳስቶ ተነቅሎ ወዲያው ተመልሶ ተተክሏል።

ኅዳር፣ ሁለተኛው ሳምንት

ሽቦው መሞከሪያ ነው፣ ዘላቂው የድንጋይ ካብ ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በዚህ መንገድ ተከብበዋል፤ ገበሬው ከማሳው የሚለቅመው ድንጋይ ለካቡ ሲውል ማሳውም ይጸዳል። እዚህም አዝመራው እንደተነሳ በደቦ ተጀምሯል። የካቡ ታች 80 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ላዩ 40፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር። መሠረቱ 25 ሳንቲሜትር ይቆፈራል። በየግማሽ ሜትር ቁመት ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በአግድም ይገባል፤ ይህ ከተረሳ ካቡ በሁለተኛው ክረምት ሆዱን ይነፋና ይወድቃል።

የካቡ መስመር ዛፎቹ ካሉበት 10 ሜትር ወጣ ብሎ ነው የተሰመረው። ካቡ ከግንድ አጠገብ ከሄደ ከጠርዝ ዛፎች የሚወድቀው ዘር ወደ ውጭ፣ ወደ ፍየል አፍ ይሄዳል። ይህ 10 ሜትር የማን መሬት እንደሆነ ለመስማማት ከድንጋዩ ሥራ ይበልጥ ጊዜ ወስዷል። ውኃ የሚወርድባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ከታች ክፍተት ተትቷል፤ ስፋቱ ለሚዳቋ እንዲበቃ ተደርጎ፣ ከብት እንዳያስገባ ተለክቶ።

ጥር፣ የመጨረሻው ሳምንት

ደረቅ ወቅት። ምስጥ በጉዝጓዙ በኩል መጥቶ የአንድ ዋንዛ አንገት ዙሪያውን ልጦታል፤ ጉዝጓዙ ተጠግቶ ግንዱን ነክቶ ነበር። የሌሎቹ ሁሉ ተፈትሾ 10 ሳንቲሜትሩ ባዶ ቦታ ተመልሷል። ውኃ በየአሥር ቀኑ ለአንድ ችግኝ 5 ሊትር፣ ማታ ማታ። የአጋሙ ጉንጉን በሦስት ቦታ ደርቆ ስለላላ በአዲስ ተተክቷል። ሰንሰሉ አብዛኛው ይዟል።

የሎል ቁጥር 11 ከወገብ አልፏል። በሚያዝያ የታሰረለት ሽቦ ግንዱ ወፍሮ ቅርፊቱ ውስጥ መግባት ስለጀመረ ተፈትቷል፤ ትንሽ ጣት በሚያስገባ ልክ ላላ ተደርጎ ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ እንደገና ታስሯል።